መጀመሪያ የሚሰጡህን ዕቃ እይ

...ቁጥርህ ስንት ነው ይሉኛል፣ የእግርህ፣ እኔ ደግሞ አላውቅም፣ ሠላሳ ዓመት ተሸክሞኝ የኖረ እግር ቁጥሩን አላውቅም፣ የታላቅ ወንድሜን ጫማ ነው ስጎትት ያደግኩት፣ ሲሰፋኝ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ ሲጠበኝ ተረከዙን ረግጬ፣ ያለውን ይስጡኝ እማማ እላለሁ፣ ያለውን ብሎ ነገር እዚህ የለም፣ ልክህን ነው የምሰጥህ፣ ቁጭ በል፣ እና የዕቃ ቤቷ ሴትዮ፣ ሠራተኛው ሁሉ እማማ ቁልፍ የሚላቸው፣ አንገታቸው ላይ የቁልፍ መዓት እየተንኳኳ እግሬ ሥር ጎንበስ ብለው ጫማውን ያስሩልኛል፣ ኧረ እኔ አስራለሁ፣ ዝም በል፣ ከዚያ መዶሻ አንስተው የጫማውን ጫፍ ጠቅ፣ ተሰማህ? አልተሰማኝም፣ አሁንስ? አሁን የእውነት ነው የመቱት፣ ጣቴ ዱቄት ሆነ ብዬ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ ምንም፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ድምፁ ብቻ ይመጣል፣ እግሬ ከውስጥ ተቀምጦ ማነው ይላል።

ውስጡ ብረት አለው፣ ይሉኛል፣ በል ተነስና ተራመድ። እራመዳለሁ። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ተለጥፏል፣ ማንኛውም አዲስ ሠራተኛ ወደ ሥራ ከመሰማራቱ በፊት አስፈላጊው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ በአሠሪው ወጪ ሊሟላለት ይገባል፣ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ፣ አስፈላጊው፣ ሊሟላለት፣ እንዴት ያለ ቋንቋ ነው ጃል፣ ለሚኒስትር የተጻፈ ነው የሚመስለው፣ ግን ለእኔ ነው፣ አዲስ ሠራተኛ ማለት እኔ ነኝ፣ እኔን የሚያህል ሰውዬ አንድ ወረቀት ላይ ሊሟላለት ይገባል ተብሎለታል፣ እና ዝም ብሎ ወረቀት ቢሆን እስቃለሁ፣ ወረቀት ስንቱን ይላል፣ ግን ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ እየከመሩት ነው፣ ቱታ፣ እስከ ክርን የሚደርስ የቆዳ ጓንት፣ ደረት የሚሸፍን የቆዳ ሽርጥ፣ መጨረሻ ላይ በሁለት እጃቸው፣ ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው፣ የብየዳ ማስኩን። ጥቁር። ፊት የሚያህል። መሐሉ ላይ ትንሽ መስኮት። እጄ ላይ ሲያርፍ መስኮቷን በእጅጌዬ እወለውላለሁ።

ወንድም ጋሼ ዛሬ ጠዋት ስወጣ ደመወዙ ስንት ነው አላለኝም፣ መጀመሪያ የሚሰጡህን ዕቃ እይ ነው ያለኝ፣ ማስክ ካልሰጡህ ፊትህን አዙረህ ና፣ ሁለት ዕውር ለአንድ ቤት ይበዛል፣ ብሎ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። እሱ ነው ያሳደገኝ፣ በዚያች በቆርቆሮ በተከለለች ጉራንጉር ውስጥ የሰው በርና መስኮት እየበየደ፣ ለዓይኑ የነበረው ከመንገድ ዳር የተገዛ ጥቁር መነጽር ነው፣ ከእጅ አይሻል ዶማ፣ ማታ ማታ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ እያለ ሲገላበጥ ድንች ቆርጬ የዓይኑ ቆብ ላይ የማስቀምጥለት እኔ ነበርኩ፣ ነገ ይተወኛል ይላል፣ ይተወውም ነበር፣ አንድ ቀን ግን አልተወውም፣ አሁን የሚያየው የነገሩን ዳር ዳር ነው፣ መሐሉ ጠፍቶበታል፣ ፊቴን ለማየት ትከሻዬን ነው የሚመለከተው፣ መጀመሪያ ሰሞን ከኋላዬ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እዞር ነበር።

እና የተማርኩት ከእሱ ነው፣ ብየዳን፣ የብየዳውን ዘንግ ብረቱ ላይ ስትጭረው ፊትህን አዙር፣ ዓይንህን ጨፍን፣ የቀረውን ጆሮህ ይነግርሃል፣ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚለውን ካለ ደህና ነህ፣ ካጉረመረመ ቀርበሃል፣ ካፏጨ ርቀሃል፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከበር ይጮህብኛል፣ ራቅህ፣ ፈጠንክ፣ እጅህ ሌላ ነገር ያስባል እንዴ፣ እና ልክ ነው፣ ሁልጊዜ ልክ ነው። የሰፈሩ በር ሁሉ በጆሯችን የተሠራ ነው። ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን ሥራ ሲሠራ አይቼው አላውቅም፣ ከበረደ በኋላ ከላዩ የደረቀውን ቅርፊት በመዶሻ ሳራግፍ ነው የማገኘው፣ ዘንጉ የሚቀልጥ፣ ቀልጦ የሚለጠፍ፣ ሙጫ ነገር ነበር የሚመስለኝ።

ና ወዲህ አዲሱ። ፎርማኑ ነው፣ አጭር ሰው፣ ድምፁ ግን ከሰባት ቤት ይሰማል፣ አዳራሹ ውስጥ ቤት የሚያካክሉ ታንከሮች ተጋድመዋል፣ ውኃ ተሞልተው ሕንፃ አናት ላይ የሚወጡ፣ ሰው ከበታቻቸው የሚተኛ፣ ፎርማኑ ሁለት ቁራጭ ብረት ጠረጴዛ ላይ ወርወር ያደርግልኛል፣ አጋጥመህ በይድልኝ፣ ብረት በሚነክሰው ሞርሳ ላይ አስሬ በመዶሻ አጥፈዋለሁ፣ ካልተሰነጠቀ የእኛ ነህ፣ ከተሰነጠቀ የተሰጠህን ዕቃ ለእማማ መልሰህ በሰላም ትሄዳለህ፣ ገባህ? ገባኝ አለቃ። የገባኝ ይህ ነው፣ ካላለፍኩ ማስኩ ወደ መደርደሪያው፣ እኔ ወደ ጉራንጉሯ፣ ዓይኔ ወደ ወንድም ጋሼ ዓይን፣ ሌላ ምንም የለም።

አንገቴን ነቅነቅ ሳደርግ ማስኩ ይወርዳል። ጨለማ። ጨለማ ስል ምሽት ማለቴ አይደለም፣ እጄን አላየውም፣ ጠረጴዛውን፣ ፎርማኑን፣ የራሴን አፍንጫ፣ ይሄ ምን ዓይነት ዕቃ ነው፣ እንዲያዩበት ነው ወይስ እንዳያዩበት፣ በዳበሳ ዘንጉን ብረቱ ላይ አስጠጋለሁ፣ እጭራለሁ፣ ቸስ ይላል፣ እና እጄም አንገቴም የሚያውቁትን ያደርጋሉ፣ ጆሮዬ ይከፈታል፣ ሽንኩርቱ ደህና ነው፣ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ ወንድም ጋሼ ቢሰማ ምንም አይለኝም፣ ጨረስኩ፣ ማስኩን ወደ ላይ ስመልሰው ሰው ከቦኝ ይስቃል።

ፊትህን ለምንድነው ያዞርከው? ይለኛል ፎርማኑ። እኔ? አንተ ነህ እንጂ፣ ማስክ አጥልቀህ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለህ፣ አንዱ ከኋላ ዣንጥላ ይዞ ከዝናብ ይሸሻል ይላል፣ ይስቃሉ፣ ዓይንህንስ ጨፍነህ ነው አይደል? ጨፍኜ ነው አለቃ። ሳቁ ይቆማል፣ ለምን እንደቆመ አላውቅም። ፎርማኑ ብየዳውን በጣቱ ይዳብሰዋል፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ጨፍነህ ይህን ከሠራህ ያስተማረህ ሰው የዋዛ አይደለም፣ እንዲያ ይላል፣ ልቤ ሞቅ ይለዋል፣ ከዚያ ሞርሳው ላይ አስሮ አንዴ በመዶሻ ሲለው ቀጭ፣ ለሁለት፣ ወገቡ ላይ ይከፈታል፣ ና እይ፣ አያለሁ፣ ብረቱ ውስጥ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ተቀብሯል፣ ቅርፊቱ ነው፣ ከላይ መቅረት ሲገባው ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ፣ በላዩ ላይ ያምራል፣ ውስጡ ባዶ፣ በር ቢሆን ሃምሳ ዓመት ይቆማል ይላል ፎርማኑ፣ ውኃ ግን ክፍተቱን ያገኘዋል፣ ይህን ጆሮ አይሰማውም፣ ዓይን ነው፣ ይህን የሚያህል ማስክ የሰጠንህ ለጌጥ ነው እንዴ። ሌላ ሁለት ቁራጭ። አሁን ዓይንህን ግለጥ።

ግለጥ ይላል እንደ ቀላል ነገር። ማስኩን አወርዳለሁ። ጨለማው ውስጥ ዓይኔን በግድ እከፍታለሁ፣ ቆቡ ይንቀጠቀጣል፣ ዕድሜ ልኩን የተባለውን ነው የሚያደርገው፣ በሬ ካራጁ ይውላል እያለ የኖረ ዓይን አሁን ና ካራጅህን ፊት ለፊት እየው ይባላል፣ ካቃጠለኝስ፣ ይቺ የመስታወት ቁራጭ ብትዋሽስ፣ ማን ያውቃታል፣ እጭራለሁ።

አረንጓዴ።

ዓለሙ በሙሉ አረንጓዴ ነው፣ መሐሉ ላይ ትንሽዬ ፀሐይ፣ አታቃጥልም፣ አትናከስም፣ እዚያው ተቀምጣ ትታያለች፣ እሷ ናት ማለት ነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ፊቴን ያዞርኩላት፣ እና ከኋላዋ፣ አምላኬ፣ ከኋላዋ ውኃ አለ፣ ብረቱ ውኃ ሆኗል፣ ሙጫ አይደለም፣ ምንም የሚለጠፍ ነገር የለም፣ ብረቱ ራሱ ነው፣ የዚህኛው ጠርዝ ይለሰልሳል፣ የዚያኛውም ይለሰልሳል፣ ሁለቱም ዘንበል ብለው ይፈስሳሉ፣ ይገናኛሉ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ኩሬ ውስጥ የትኛው የየትኛው እንደነበር አይለይም፣ ኩሬዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳር አላት፣ ሞገድ አላት፣ ሞገዷ ከኋላ በኩል ሲደርስ ቆም ይልና ብረት ይሆናል፣ ሌላው ይመጣል፣ ቆም ይላል፣ ብረት ይሆናል፣ እና ላይዋ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ይዋኛል፣ ያ ቅርፊት፣ ሕይወት ያለው ይመስል ወዲያ ወዲህ፣ እኔ ነኝ እኮ ይህን የማደርገው፣ በዚህች እጄ፣ በሺህ በር ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን ነበር፣ እኔ ግድግዳ እያየሁ፣ ወንድም ጋሼም፣ ከፊቱ አንድ ስንዝር ላይ፣ ዓይኑን በልታ አንድ ቀን እንኳ መልኳን ያላሳየችው፣ ይህ ነው፣ ይህን ነው ሲሠራ የኖረው፣ ተው ቆይ፣ እጅህ፣ ሽንኩርቱ ምነው ድምፁ ተለወጠ፣ እጅህ ቆሟል አንተ፣ ተንቀሳቀስ፣ ኩሬዋ ትሰፋለች፣ ትሰፋለች፣ መሐሏ ይሰጥማል፣ ጉድጓድ።

ማስኩን አንስቼ አያለሁ፣ ቡጢ የሚያስገባ ባይሆንም ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ጭስ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት፣ አለቀ፣ ጫማውን መፍታት ነው፣ አሁን ሰፈሩ ምን ይላል፣ እሳት አመድ ወለደ፣ ምን ብዬ ነው ቤት የምገባው፣ ማስክ ሰጡኝ ግን አፍጥጬ ስመለከት ብረቱን በሳሁት ልበለው?

ፎርማኑ ይቆጣል ብዬ እጠብቃለሁ፣ አይቆጣም፣ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝቅ የሚል ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፣ አየኸው? ይለኛል። አየሁት። ውኃ ነው አይደል? ውኃ ነው አለቃ፣ ብረት ውኃ ነው፣ እለዋለሁ፣ መጀመሪያ ያየ ሰው አንድ ብረት ማቃጠሉ አይቀርም፣ እኔ ሁለት ነው ያቃጠልኩት፣ ይላል፣ ከዚህ በኋላ ግን የምሰጥህ ቁራጭ የለኝም፣ ይህቺ የመጨረሻዋ ናት፣ ኩሬዋን እይ፣ ጥቁሩ ነገር ፊት ፊት እንዲሄድ አትፍቀድለት፣ ከኋላ ይከተል።

አወርዳለሁ፣ ጨለማ፣ ዓይኔ አሁን ማንም ሳያዘው ተከፍቶ ይጠብቃል፣ እጭራለሁ፣ አረንጓዴ፣ ፀሐይዋ፣ ኩሬዋ፣ መጣች፣ አትደነቅ፣ መደነቅ ወደ በኋላ፣ ሂድ፣ እና ሽንኩርቱ፣ ጆሮዬ ሥራውን አልተወም ለካ፣ ሽንኩርቱ ደህና ሲል ኩሬዋ ሞላላ ናት፣ ሲያጉረመርም ትጠባለች፣ ሲያፏጭ ትበተናለች፣ ወንድም ጋሼ በጆሮው ሲነግረኝ የኖረው ይህን ነው፣ ያላየውን ነገር አንድ ሳይስት፣ ሳያይ፣ ጥቁሩ ሊቀድም ይላል፣ ዘንጉን ዘንበል፣ ወደ ኋላህ፣ ተመለሰ፣ ሞገድ፣ ብረት፣ ሞገድ፣ ብረት፣ እስከ ጫፍ ድረስ፣ ትንፋሼን እንደያዝኩ ነው።

ሞርሳው። መዶሻው። አንድ። ሁለት። ዓይኔን እንዳልጨፍን እየታገልኩ ነው፣ ብረቱ ይጎብጣል፣ ይታጠፋል፣ ወገቡ ላይ ምንም፣ ፎርማኑ ወደ ብርሃን ወስዶ ያገላብጠዋል፣ በጥፍሩ ይፍቀዋል፣ እንደገና ይመታዋል፣ አልተከፈተም። ነገ ጠዋት፣ ይለኛል፣ ጫማህን አስረህ። እማማ ቁልፍ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር፣ ማስክህን መሬት ላይ እንዳታስቀምጥ፣ መስታወቱ ይጫራል፣ ይሉኛል፣ እሺ እማማ።

ስልኬ ይጮኻል፣ እሱ ነው፣ የስልኩን ቁልፎች በጣቱ ቆጥሮ ነው የሚደውለው፣ ወደ ውጪ እወጣለሁ፣ ግድግዳ ሥር። እህ? አለፍኩ ወንድም ጋሼ። ተመስገን፣ ማስክስ? ሰጡኝ፣ ጫማም፣ ልኬን። አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ነው፣ አተነፋፈሱን አውቀዋለሁ፣ አትጠይቀኝ፣ ምን እልሃለሁ፣ የተቀማኸውን ነገር እንዴት አድርጌ አምሮ ነበር ልበልህ፣ ወደ ውጪ ስወጣ ልዋሸው አስቤ ነበር፣ ብርሃን ብቻ ነው፣ ምንም አይታይም ልለው።

ታዲያ አየሃት? ይለኛል።

አየኋት።

ምን ትመስላለች?

ወንድም ጋሼ፣ ማታ ቤት ስመጣ፣ አይ፣ አሁን ነው፣ ይለኛል፣ ተቀምጫለሁ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ ምንም እንዳትዘል፣ ስትጭራት ጀምረህ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ እላለሁ። መጀመሪያ ጨለማ ነው እለዋለሁ። እሱንስ አውቀዋለሁ፣ ይለኛል፣ ከዚያስ?