አያ ጅቦ ይቅርታ የተጠየቀ ዕለት

፩.

«ቀበሮዋ ይቅርታ ትጠይቅ።»

በቃ። የልጆች መጻሕፍት ገምጋሚ ኮሚቴው ግማሽ ቀን ተሰብስቦ፣ የታሸገ ውሃውን ጠጥቶ፣ በርዕሰ ጉዳዩ ላይ በስፋት ተወያይቶ የወለደው ይህንን ነው።

፪.

ተረቱን የማታውቅ ካለህ (ምን ስትሠራ አደግክ?) ባጭሩ ይኸውልህ። አያ ጅቦ ከአንዲት ባልቴት በረት ፍየል ሰርቆ፣ ዛፍ ሥር አጋድሞ ሊበላ ሲል እመት ቀበሮ ከች ትላለች። ወንዝ ማዶ ዝሆን ወድቆ አንተ እዚህ የፍየል አጥንት ልትግጥ ነው ወይ ትለዋለች። ሆዳም አይደል፣ ፍየሏን ጠብቂልኝ ብሎ ይፈተለካል። ዝሆን የለ፣ ምን የለ። ምላሱን አንጠልጥሎ ሲመለስ የቀረው ቀንዷ ብቻ ነው። ፍየሌስ ሲላት እመት ቀበሮ ሆዷን መታ መታ አድርጋ፣ «ሌባ ሲበዛብኝ እዚህ አስቀመጥኩልህ» ትለዋለች።

አለቀ። እንዲህ ነበር የሚያልቀው።

፫.

ስንዱ የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊ ናት፣ የደሴ ሰው። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ መጻሕፍት አሳትማለች፦ ጥርሷን የምትፍቅ ጥንቸል፣ ወረፋ የሚጠብቅ አንበሳ፣ ለታላላቆቹ ከመቀመጫው የሚነሳ ጉሬዛ፣ ሌላም እንቶ ፈንቶ። በየትምህርት ቤቱ ለሽልማት ይሰጣሉ። ሽልማት ማለት ወላጅ ቁምሳጥን ውስጥ ደርድሮ የሚቆልፍበት ነገር ነው።

በአሥራ አንዱም አንድ ልጅ ስቆ አያውቅም። ስንዱ ይህን ታውቃለች፣ ያንገበግባታልም። ዐይኗ እየደከመ ስለሆነ አሥራ ሁለተኛው፣ ይኸው የአያ ጅቦ ተረት፣ የመጨረሻዋ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህኛውም አንድ ልጅ እንኳ ሳያስቅ የሚቀር መስሎ ስለታያት ነው እንቅልፍ ያጣችው።

፬.

የኮሚቴው አባላት፦

ዶክተር ገበያው፣ ሰብሳቢ። በልጆች ጉዳይ ብዙ ጥናት ያቀረቡ፣ ልጅ ግን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የማያውቁ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።

ሁለተኛው አባል። ዶክተሩ ራሳቸውን ሲነቀንቁ የሚነቀንቅ።

ሦስተኛው አባል። ሁለተኛው ሲነቀንቅ የሚነቀንቅ።

፭.

ስንዱ መጀመሪያ ተከራክራለች፣ አይዋሽባትም። ዶክተሩ ግን በለሰለሰ አንደበት አስረዷት፤ አታላይ ሳይቀጣ የሚያልቅ ተረት ለትውልድ መርዝ መሆኑን፣ መጽሐፉ ይታተም አይታተም የሚለውንም ኮሚቴው እንደሚወስን። እሷም ቤቷ ገብታ ቆሽቷ እያረረ ጻፈችው።

ቀበሮዋ አለቀሰች።

ተንበረከከች።

ሌላ የሰባ ፍየል ገዝታ ለአያ ጅቦ ተካችለት።

ተቃቀፉ።

(አንባቢ፣ ጅብ አቅፎህ ያውቃል?)

፮.

አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ክፍል። ኮሚቴው የታረመውን ተረት በልጆች ፊት ሊሞክር መጥቷል። ስንዱ እስከ መጨረሻው አነበበች። ልጆቹ አንዱ መስኮት፣ አንዱ ጣሪያ ያያል።

ዶክተሩ፦ እሺ ልጆች፣ ከተረቱ ምን ተማራችሁ?

ልጆቹ፦ (አንዱ አዛጋ)

ዶክተሩ፦ እመት ቀበሮ መጨረሻ ላይ ጥሩ ሥራ ሠራች፣ አይደል?

ሐያት (የፊት ጥርሷ የወለቀ)፦ ለአያ ጅቦ ፍየል ተካችለት?

ዶክተሩ፦ ጎበዝ! ተካችለት።

ሐያት፦ ለባልቴቷስ?

፯.

ለባልቴቷስ።

በዚያ ሁሉ ስብሰባ ስሟን ያነሳ አልነበረም። ሌባው ተክሶ፣ ተለቅሶለት፣ ታቅፎ፣ የፍየሏ ባለቤት ባዶ በረቷን ታቅፋ ቀርታለች። ስንዱ ፊቷ በሐፍረት ጋለ፤ ለሌባ ፍየል የገዛችው በገዛ እጇ ነውና። ዶክተሩማ ምን ተዳቸው፣ ባልቴቷ ዋና ገጸ ባሕርይ አይደለችም ብለው ለሐያት መለሱላት። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ!

ስንዱ ወረቀቱን አጠፈችና የድሮውን ተረት ከአፏ ነገረቻቸው። «እዚህ አስቀመጥኩልህ» ላይ ስትደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሐያት ሆዷን ይዛ ዴስክ ሥር ገባች። ሁለተኛው አባል ሳያስበው ሳቀና ዶክተሩ ሲያዩት ሳል አስመሰለው። ስንዱ መሐል ቆማ እንባዋ መጣ፤ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

፰.

ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ጠበቋት።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ይቅርታው ከሌለ መጽሐፉ የለም። ቀበሮዋ ይቅርታ የምትጠይቅበትን ቦታ አሁኑኑ በእጅዎ እንደገና ይጻፉልኝና በሰላም እንለያይ» አሉና እስክሪብቷቸውን አቀበሏት።

ከክፍሉ ውስጥ ሳቁ ገና አልበረደም። ስንዱ ወደዚያ ጆሮዋን እንደሰጠች ያጠፈችውን ወረቀት ገልብጣ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጻፈች። ዶክተሩ አነበቡት፣ ፊታቸው ጠቆረ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ሄዱ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልታተመም። የጻፈችው ይኸው ነው፤ የመጨረሻውን መስመር ልጆቹ ይሙሉት ብላ ባዶ ትታዋለች፦

አያ ጅቦም ኮሚቴ አቋቁሞ ተመለሰና፣ ይቅርታ ጠይቂኝ አላት። እመት ቀበሮም ከእግሩ እስከ ራሱ አየት አደረገችውና ሆዷን መታ መታ አድርጋ እንዲህ አለችው፦

፱.

«                                        »