ሳይደርስ የገባ ስለት

«ልጅሽ ኮሌጅ ገብታለች ወይስ አልገባችም?»

ቄሰ ገበዙ አባ ገብረ ጻድቅ ይህን የጠየቁኝ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቆመው፣ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ መሬት መሬቱን ሳይ ቆየሁ። የሄድኩት የሰጠሁትን የስለት ጃንጥላ መልሱልኝ ልል ነበር። ለታቦት የተሰጠ ነገር እንደማይመለስ ሰቆጣ ውስጥ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። አውቄም ሄድኩ።

ነገሩ የሆነው በሥልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ልጄ ጥሩሐረግ ደሴ አክስቷ ዘንድ ሆና ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ፣ አዲስ አበባ ያለ ኮሌጅ ተቀብሏታል ተባለ። ወሬውን ያመጣልን ከደሴ የመጣ ነጋዴ ነበር። ከመንደራችን እንኳን ሴት፣ ወንድም ኮሌጅ የገባ አልነበረም። እኔ ደግሞ ገና ልጅ ሳለች «ሚካኤል ሆይ፣ ይችን ልጅ ኮሌጅ ብታስገባልኝ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ስለዚህ ወሬውን እንደሰማሁ የዓመቱን ማር ሸጥኩና ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ ከኮረም አስመጣሁ።

ባለቤቴ ጓንጉል ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ጃንጥላውን ሲያይ ግን፣

«ትንሽ አትታገሺም? ልጅቱ በደኅና መድረሷን እንኳ አልሰማን» አለኝ።

«ስለት አይቆይም» አልኩት።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ጃንጥላውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ «ወለተ ሐና ልጇ ኮሌጅ ስለገባችላት ለሚካኤል የሰጠችው ነው» ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። እልልታውን እኔ ጀመርኩ፤ ሴቱ ሁሉ ተቀበለኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም።

ጥቅምት ሳያልቅ ጥሩሐረግ ራሷ መጣች። ከኮረም ወዲህ ከጨው ነጋዴዎች ጋር በእግሯ ነው የመጣችው። እግሯ አብጦ ነበር። ነገሩን የነገረችኝ እግሯን ሳጥባት ነው።

«እማዬ፣ ኮሌጁ ተቀብሎ ሲያበቃ እንደገና የሚፈትነው ፈተና አለ። ማን የት ክፍል እንደሚቀመጥ የሚለዩበት ነው።»

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም።»

«አለፍኩ በይኛ ታዲያ!»

«አላለፍኩምም። መሰናዶ ነው የደረሰኝ። እንግሊዝኛና ሒሳብ አንድ ዓመት ያስተምሩናል። ከዚያ እንደገና ተፈትነን ነው የኮሌጅ ተማሪ የምንባለው። የመሰናዶው ትምህርት በኅዳር መጨረሻ ስለሚጀመር ነው እስከዚያ የመጣሁት።»

«ደሴ አንደኛ ትወጪ አልነበረም?»

«እወጣ ነበር። ደሴ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። እዚያ ግን ፈረንጁ ቆሞ ያወራል፣ እሱ ያለውን ሰምቶ መጻፍ ነው። እኔ የፈረንጅ አፍ ከየት ሰምቼ? እሱ ተናግሮ ሲጨርስ እኔ የመጀመሪያውን ቃል ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ደግሞ ወደ አገራችን አፍ ወደ ኽምጣንጋ እያዞርኩ ነበር።»

ይህን ስትል ሳቅ ብላ አየችኝ። እኔ አልሳቅኩም። ስለ ጃንጥላው ነገርኳት።

«አስገባሽው?»

«በሕዝብ ፊት።»

እግሯን ከውኃው አወጣች።

ሰው እንዳያያት ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ የምቀዳው እኔ ሆንኩ። ገበያም እኔ። ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ለጠየቀኝ ሁሉ «ዕረፍት ነው የመጣችው» እላለሁ። ገና ትምህርት ሳይጀመር ምን ዕረፍት አለ ብሎ የሚመረምር አይኖርም ብዬ ነበር።

በዚያን ጊዜ እኔም ተማሪ ነበርኩ። በመንግሥት ትምህርት ቤቱ ከሠርክ በኋላ ጎልማሶችን ፊደል ያስተምሩ ነበር። አስተማሪያችን አቶ አሥራተ ማርያም በመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም እየጠራ ሰሌዳው ፊት አስነበበንና ሁለት ቦታ ከፈለን። ማንበብ የሚሞክሩት በመስኮቱ በኩል፣ ፊደል የሚቆጥሩት በግድግዳው በኩል ተቀመጡ። እኔ በግድግዳው በኩል ነበርኩ። ጎረቤቴ ይመኙሻል በመስኮቱ በኩል ነበረች። ወንድሟ፣ ጥሩሐረግ አብራቸው ከመጣችው ከጨው ነጋዴዎቹ አንዱ ነው። ልጄ መንገድ ላይ ሁሉንም አጫውታዋለች። ለምን ትደብቀው?

«እቴ ወለተ ሐና» አለችኝ ይመኙሻል አንድ ምሽት፣ ከወዲያ ማዶ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «ጥሩሐረግ ከሥር ጀምሪ ተብላለች አሉ። እውነት ነው?»

«ዕረፍት ነው የመጣችው።»

«እሰየው! እኔማ እናትና ልጅ አንድ ወንበር ላይ ሆኑ ብዬ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እንኳ፣ «ምን አለበት፣ አንድ የፊደል ገበታ ይበቃቸዋል» አሉ። አቶ አሥራተ ማርያም ሰሌዳውን በጠመኔ መታ መታ አደረገ፤ ግን እሱም ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነክሶ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ እስኪያበቃ ጠበቅሁ።

ቤት ስደርስ ለጥሩሐረግ፣ «የኅዳር ሚካኤል እስኪያልፍ ከቤት አትውጪ» አልኳት።

«እስኪያልፍ ብቻ ነው?»

ከጥቂት ቀን በኋላ እሷው ነገሩን አነሣችው።

«እማዬ፣ ባልመለስስ? አውራጃ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ይፈልጋል አሉ። እዚሁ ሥራ ልያዝ?»

እናት በዚህ ጊዜ የምትለው ይታወቃል። እኔ ግን ልቤን ቀለል አለኝ። ካልተመለሰች የሚጠይቀኝ የለም፣ መሰናዶ የሚባለውም ነገር ይረሳል አልኩ። «አንቺ እንዳልሽ» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደስ አላት ብዬ ነበር።

የቀረው ጃንጥላው ነው። ኅዳር አሥራ ሁለት ታቦቱ ሲወጣ ይዘረጋል፤ ሕዝቡ ሁሉ አይቶ የማን እንደሆነ ይጠያየቃል። ቄሰ ገበዙ ዘንድ የሄድኩት ለዚህ ነው። እሳቸውም ያን ጥያቄ ጠየቁኝ። ገብታለች ብል ውሸት ነው። አልገባችም ብል ደግሞ ሚካኤልን በሐሰት አመስግኜዋለሁ ማለት ነው።

«ዝም አትበይኝ እንጂ» አሉኝ። «የገባ አይወጣም። ሳይዘረጋ ይቀመጥ ካልሽኝ ግን ላስቀምጠው እችላለሁ። ስለቱ ያንቺ ነው፣ ቃሉም ያንቺ ነው።»

«አባቴ፣ በሩ ላይ ነው ያቆሟት።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«እኔ እንጃ።»

ሳቃቸው መጣ። «እኔ ከሰሃላ ተነሥቼ ለዜማ ደሃና ስሄድ መሪጌታው ድምፄን ሰሙና ‹ይህ የፍየል ነው› ብለው የተማርኩትን ሁሉ አስጥለው ከሕፃናት ጋር አስቀመጡኝ። እናቴ ብትሰማ ምን ትል እንደነበር እንጃ። ደግነቱ ሩቅ ነበረች።» ቁልፉን ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ሂጂና የምታውቀውን ጠይቂያት፤ ከዚያ ትነግሪኛለሽ።»

ቤት ስገባ ጥሩሐረግ ማሽላ ትለቅም ነበር። የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«መልሱልኝ አልሻቸው?»

«ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ።»

«ገብታለች ወይ ሲሉሽስ ምን አልሽ?»

«እኔ እንጃ አልኩ።»

«ከኮረም ድረስ በእግሬ የመጣሁት ‹ግድ የለም፣ ሂጂና ተማሪ› ትዪኛለሽ ብዬ ነበር» አለችኝ።

ነጠላዋን አነሣችና በጠራራ ፀሐይ በይመኙሻል ደጅ በኩል አልፋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ከመጣች ወዲህ በቀን ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። አልተከተልኳትም። ስትመለስም ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ሲወጣ ጃንጥላው ከላዩ ተዘርግቶ ነበር። ከሌሎቹ ሁሉ አዲስ እሱ ነው፤ ዓይን ይስባል። እኔ ከቅጥሩ ጥግ ካለው ወይራ ሥር ቆሜያለሁ። ጥሩሐረግ ከሴቶቹ ፊት ነበረች። ታቦቱ ቆሞ ወረብ ካለቀ በኋላ ቄሰ ገበዙ ተናገሩ።

«ባለፈው ወር የወለተ ሐና ልጅ ኮሌጅ ገባች ብለን ነበር። ልጅቱ ራሷ መጥታ እውነቱን ነግራናለች። ገና አልገባችም፤ አንድ ዓመት መሰናዶ ትማራለች፣ ከዚያ ትገባለች። ስለቱ ቀድሞ ገብቷል። እንግዲህ ቀሪውን ጸልዩላት።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። እልልታውን የሚጀምረው ባለ ስለቱ ስለሆነ ሴቶቹ ዞረው እኔን ፈለጉኝ። ጥሩሐረግም ዞራ ፈለገችኝ፤ ወይራው ሥር አየችኝ። አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣኝም። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩት።

በመጨረሻ ከወንዶቹ መካከል ጓንጉል፣ ያ የማይናገረው ሰው፣ «አሜን!» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹ አሜን አሉ፤ ታቦቱም ጉዞውን ቀጠለ።

በማግስቱ ወደ ኮረም የሚመለሱ ነጋዴዎች ነበሩ። ሌሊቱን የፈጨሁትን በሶ በስልቻ ቋጠርኩላት። ደጅ ላይ ስትስመኝ ያን የፈለገችውን ቃል ልናገር ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«በሶው እንዳይረጥብ» አልኳት።

«እሺ፣ እማዬ» አለች።

ያን ምሽት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ይመኙሻል ገና ሳልቀመጥ፣ «እሺ፣ ጥሩሐረግስ?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ አንገቴን አልደፋሁም፤ ፊቴ ግን ሲግል ይሰማኝ ነበር።

«አልገባችም። መሰናዶዋን ልትማር ሄዳለች» አልኩ።

አቶ አሥራተ ማርያም ጠመኔውን አነሣ። ጥሩሐረግ ሄዳለች፤ አባቷም እስከ ኮረም ሊሸኛት አብሯት ሄዷል። እኔ በግድግዳው በኩል ቀረሁ።