የየኔሰው ጸበል

እፀገነት ክኒኑን በማንኪያ ጀርባ አድቅቃ ጸበሉ ውስጥ እያማሰለች ሳለ የግቢው በር ተደበደበ።

"እፀገነት! በማርያም፣ ከየኔሰው ጸበል ስጪኝ!"

ብርጭቆውን እንደያዘች ወጣች። ጎረቤታቸው ምህረት የሰባት ዓመት ልጇን ሉሲን ታቅፋ ቆማለች። ሕፃኗ ዓይኗ ተገልብጦ፣ አረፋ ደፍቃ ትንቀጠቀጣለች።

"ስንት ጊዜ ሆናት?"

"ከእንቅልፌ ከተነሳሁ ጀምሮ አልለቀቃትም!"

"ክኒኗን አልሰጠሻትም?"

"ጣልኩት እኮ። እናትሽ የየኔሰውን ከነገሩኝ ወዲህ፣ እምነቴ ሙሉ ይሁን ብዬ።"

እፀገነት በእጇ ያለውን ብርጭቆ አየች። ወንድሟ የኔሰው አየር ጤና ሰፈር ጎሚስታ ነው፤ እንደ ሉሲ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ጎማ እየፈታ ሳለ ጥሎት ስንቴ ከመኪና ሥር ጎትተው አውጥተውታል። እናታቸው ወይዘሮ አጸደ ጸበል ካስጀመሩት ወዲያ ክኒን እንዳይነካ ከለከሉት። አጥማቂው ቄስ ራሳቸው "መድኃኒቱንም የሰጠን እግዜር ነው፣ ይውሰድ" ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። ከእናቷ ጋር መሟገት የታከታት እፀገነት፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ የሚጠጣው ጸበል ውስጥ ክኒኑን ትጨምርለት ጀመር። አንድ ቀን "ጸበሉ ዛሬ መረረኝ" ቢል፣ አጸደ "የመረረው አንተን አይደለም፣ ያደረብህን ነው" ብለው አረፉ። የኔሰው መውደቁን ተወ። አጸደም ተአምሩን በየጽዋ ማኅበሩ እያለቀሱ መሰከሩ። እፀገነት ዝም አለች፤ እውነቱን ለመናገር፣ የእናቷን ደስታ ስታይ እሷንም ደስ ይላት ነበር።

"ምን ያገትርሻል? ስጫት እንጂ!" አሉ አጸደ ከኋላዋ።

"አሁን ምንም ብትጠጣ ትታነቃለች፣ እማዬ! ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው።"

ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሕፃኗን ተቀበለች። ባጃጅ ይዘው ወጡ፤ መንገዱ ግን በሚኒባስ ተጨናንቆ አላሳልፍ አላቸው። ዘነበወርቅ ሐኪም ቤት ሲደርሱ መንቀጥቀጡ ቆሞ ነበር። የሉሲ ትንፋሽም ቆሟል።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ምህረት ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ አጸደ አጠገቧ ናቸው። እፀገነት ገብታ ፊት ለፊቷ በርከክ ስትል ምህረት ቀና አለች። 

"የጎደለው እምነቴ ነው፣ አይደል? ለወንድምሽ የሠራ ጸበል ለልጄ ለምን እምቢ ይላል?"

"የእግዜር ፈቃድ ነው ልጄ" አሉ አጸደ ፈጠን ብለው። "ብቻ ከእንግዲህ አትጠራጠሪ።"

እፀገነት ወደ ድንኳኑ በር አየች። የኔሰው ጆግ ይዞ ለለቀስተኛው ውሃ እየቀዳ ነው። ከዛሬ ወዲያ ከእጇ ምንም ላይቀበል ይችላል። እናቷም ዓይንሽን አልይ ይሏት ይሆናል። ምህረት ብትረግማትስ ምን ይፈረድባታል? ዝም ካለች ግን ይቺ ሴት፣ "ልጄን የገደላት ጥርጣሬዬ ነው" እያለች ዕድሜዋን ትገፋለች።

ለነገ ጠዋት ብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ክኒን ፈታች። 

"እምነትሽ አይደለም፣ ምህረትዬ" አለች፣ እናቷ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "የኔሰው የሚጠጣው ጸበል ብቻ አይደለም፤ ይሄን ክኒን እጨምርበታለሁ።"

ከዚያም የምህረትን እጅ ስባ ክኒኑን መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።