ከባነር የተሰፋ ኢላማ

ከጭድ የተሠራ ኢላማ እንደማይረባ ያወቅነው የጂቱ ቀስት ጆንያውን በስቶ፣ በግንባችን አናት ላይ አልፎ የእማማ በላይነሽን የቆርቆሮ አጥር ሲመታ ነው። ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ ድንጋይ የተወረወረባቸው መስሏቸው ወጡና የሰፈሩን ጎረምሳ በሙሉ ረገሙት። እኛ ጓሮ ውስጥ አንገታችንን ደፋን። ጂቱ ሳቋን በመዳፏ አፍና ትንቀጠቀጣለች። እኔ አልሳቅኩም። ያን ሰሞን የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ነገር አልነበረም። ጥርሱን ሊነቅሉለት ማደንዘዣ እንደወጉት ሰው ነበርኩ፤ የእኔ ሐኪም ግን ወግቶኝ በዚያው ጠፍቷል።

ጂቱ ከአቦምሳ መጥታ ሰርቪስ ቤታችንን የተከራየች ልጅ ናት። በሥራ ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ትሸጣለች፤ ከሥራ ውጭ ቀስት ትወረውራለች። አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ስፖርት መኖሩን የሰማሁት ከእሷ ነው። ክለባቸው ውስጥ ያለው ኢላማ ለሁሉም ስለማይዳረስ ደጋኑን ቤቷ ወስዳ እንድትለማመድ ፈቀዱላት። ደጋን አለ፣ ቀስት አለ፣ የእኛ ሰፊ ጓሮ አለ፣ ከኋላ ደግሞ የብሎኬት ግንብ አለ። የጠፋው ኢላማ ብቻ ነው። የሱቁን ዋጋ ስትነግረኝ የበሬ ዋጋ የነገረችኝ መሰለኝ። "ተዪው፣ እኔ እሠራልሻለሁ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሥራ ስላልነበረኝ ይሆናል።

ሥራን ካነሳሁ አይቀር ነገሩን እዚሁ ልጨርሰው። አካውንቲንግ ተምሬ የመውጫ ፈተናውን ወደቅኩ። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ እኔ አርባ ሰባት አመጣሁ። ውጤቱ የወጣው ረቡዕ ሲሆን የምርቃቱ ድግስ ደግሞ የዚያው ሳምንት እሁድ ነበር። በጉ ግቢ ውስጥ ታስሯል፣ ድንኳን ተይዟል፣ ሰው ተጠርቷል። ባነሩም ታትሞ የውጭ በራችን ላይ ተሰቅሏል። በቀኝ በኩል ጥቁር ጋውን የለበስኩት እኔ፣ ከላይ "ልጃችን ትህትና ገመቹ እንኳን ደስ አለሽ"፣ በግራ ከታች "እግዚአብሔር ታላቅ ነገር አደረገልን"። የላም አለኝ በሰማይ ምርቃት ማለት ይሄ ነው። አባዬ ባነሩን ብዙ ቆሞ አየውና "ሰው እኮ ተጠርቷል" አለ። እሁድ ጋውኑን ለብሼ ኬክ ቆረስኩ፣ ተመረቅኩ፣ ተጨበጨበልኝ።

አባዬ ውሸታም ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ የመሥሪያ ቤቱን እስክሪብቶ እንኳ ቤት ይዞ አይመጣም። ስለዚህ "ልጅህ ተመረቀችልህ አይደል?" ሲሉት "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። "ሥራስ?" ሲሉት "በጌታ እጅ ነው" ይላል። አንዱም ውሸት አይደለም። ድጋሚ ፈተናው በጥር እንደሚሰጥ ስነግረው ግን ጋዜጣውን ሳያወርድ "አሰላ ሄደሽ ተፈተኚ። አዳማ ፈታኞቹ ሁሉ የሚያውቁን ሰዎች ናቸው" አለኝ። መመዝገቢያው የሚዘጋው በኅዳር ነበር። እኔ አልተመዘገብኩም፤ አሰላም አዳማም።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባዬ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ብቻ፣ "ልጄ ወድቃለች" እንዲል። እሱ እስካላለው ድረስ የወደቅኩት እኔ በዚያ ቤት ቦታ አልነበረኝም። አልጋዬ ላይ የምትተኛው፣ በሳህኔ የምትበላው፣ ቤተክርስቲያን ሄዳ "እንኳን ደስ አለሽ" የምትባለው ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ ነበረች። ተደብቄ ለማጥናት ደግሞ መጽሐፉን ስከፍት ፊደሉ አይኔ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ኢላማ ሠራሁ።

ሁለተኛው ኢላማ ከካርቶን ነው። ከየሱቁ ለምኜ ያመጣሁትን ካርቶን ጠፍጥፌ እየደራረብኩ ላዩ ላይ ቆምኩበትና የጭነት መኪና ሸራ በሚታሰርበት ቀበቶ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ቀስቱ በካርቶኖቹ ጠርዝ መሐል እንዲገባ በጎኑ አቆምነው። ይዞ አልለቅም አለ። አንዷን ቀስት ለመንቀል ሁለታችን እግራችንን ተክለን እንጎትታለን። ጂቱ ቀስቶቹን ደረቅ ሳሙና ቀባቻቸውና ተሻለ። ከዚያ የነሐሴ ዝናብ መጣ፣ ሸራ ማልበሱን ረሳሁ፣ ጠዋት ስንወጣ ካርቶኑ ገንፎ ሆኗል። ጂቱ "በቃ፣ በቅቤና በበርበሬ እንብላው" አለች።

ሦስተኛው ሠራ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ዕቃ ሲራገፍ ካርቶኖቹ የተጠቀለሉበት ስስ ላስቲክ ተገፎ ይጣላል፤ እዚያ የሚሠራ የጂቱ የአጎት ልጅ በጆንያ በጆንያ አመጣልን። ላስቲኩን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሞላሁት። መሙላት ስል ግን ዝም ብሎ መክተት አይደለም። ውስጡ ገብቼ በእግሬ እየረገጥኩ፣ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ጥግ ጥጉ እየወጋሁ፣ ሞላ ስል ደግሞ ያንኑ ያህል ጨምሬ ነው። የኢላማ ነገር መጠቅጠቅ ነው። ከላላ ቀስቱ ያልፋል፤ ከተጠቀጠቀ ማንኛውም ርካሽ ነገር ቀስት ያቆማል። እማዬ በመስኮት ታየኝና "ምነው አንቺ ልጅ ወይን ትጨምቂያለሽ እንዴ?" ትለኛለች። መርገጤን እቀጥላለሁ።

የማዳበሪያው ከረጢት ግን ቶሎ ተተለተለ። የማይቀደድ፣ ውኃ የማያስገባ፣ በነፃ የሚገኝ ምን አለ ብዬ ሳስብ ባነሩ ትዝ አለኝ። አባዬና እማዬ መኝታ ቤት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አወረድኩት። ለሁለት ቆረጥኩትና በመጀመሪያ ጽሑፍ ያለበትን ግማሽ፣ ነጩን ወደ ውጭ አድርጌ፣ በጆንያ መርፌና በሲባጎ ሰፋሁት። ወር ያህል ቆየ። ሲበሳሳ የቀረውን ግማሽ አመጣሁ። ጂቱ ነጩ በፀሐይ አይኗን እንደሚወጋትና የምታነጣጥርበት ምልክት እንደምትፈልግ ነግራኝ ስለነበር አሁን ሥዕሉን ወደ ውጭ አደረግኩት።

ጂቱ ደጋኗን ስባ ቆየችና መልሳ አወረደችው። "ኧረ ትህትና፣ ፊትሽ እኮ ነው" አለችኝ።

"ፊቴ እዚህ ነው" አልኳት ወደ ራሴ እያሳየሁ። "ያ ማተሚያ ቤት የሠራው ነው። ምቺው።"

መጀመሪያ ኮፍያው ላይ የተንጠለጠለችውን ዘርፍ መታች። ቀጥሎ ጉንጬን። ሄጄ ቀስቶቹን ነቀልኩና ቀዳዳውን በጣቴ ነካ ነካ አደረግኩት። ላስቲኩ አልላላም። ስፌቱም አልተረተረም። ከግራ አይኔ ሥር ቀዳዳ እያየሁ ያሰብኩት ስለ ስፌት ነው። ምንም አልተሰማኝም፤ አለመሰማቱም አልተሰማኝም።

እማዬ ልብስ ልታሰጣ ስትመጣ አየችው። ቅርጫቱን እንደያዘች ቆመች፣ አየችኝ። ከዚያ የተለመደውን ቦታ ትታ አንሶላዎቹን ኢላማው ፊት ለፊት ባለው ገመድ ላይ አሰጣቻቸው። "አባትሽ እንዳያይ" አለችኝ ስትመለስ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን አንሶላ በየጊዜው ይታጠባል። አባዬ ለነገሩ ጓሮ አይወጣም፤ ከሥራ መጥቶ ጫማውን ያወልቃል፣ ዜና ያያል፣ ይጸልያል፣ ይተኛል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወንድም ጋሮምሳና ባለቤቱ እትዬ ሰብለወንጌል ቤታችን መጡ። ወንድም ጋሮምሳ የአባዬ የቤተክርስቲያን ወዳጅ ነው፤ ሞጆ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ኃላፊ ነው። የመጣው ለእኔ ሥራ ይዞ ነው። አባዬ ይህን የነገረኝ እነሱ በር ላይ ሲደርሱ ነው። አምቦ ውኃ ቀረበ፣ ሙዝና ብርቱካን ቀረበ፣ ሻይ ተቀዳ።

"በቃ ሰኞ ዶክመንቷን ይዛ ትምጣ" አለ ወንድም ጋሮምሳ። "ቴምፖዋን፣ ጊዜያዊ ዲግሪዋን፣ ኮፒ አድርጋ፣ ኦርጅናሉንም ለማመሳከር። ቀሪውን እኔ እጨርሳለሁ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ አባዬ። ይህ አሁን እንደማይበቃው ፊቱ ላይ አየሁት። ሻዩን አማሰለው፣ ደግሞ አማሰለው። "ቴምፖው እንኳን አልደረሰላትም። ዩኒቨርሲቲው ትንሽ አዘግይቶባቸዋል።"

እማዬ ብርቱካን መላጡን አቆመች። አባዬ ሲዋሽ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን እንደሚዋሽ ሳስብ ያበሳጨኝ ነበር፤ ሲሆን ግን ልቤ ውስጥ የሚነሳም የሚወድቅም ነገር አላገኘሁም። ሙዝ አንስቼ ላጥኩ።

በዚህ መሐል ከጓሮ ጥፍ የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጥፍ።

"ምንድነው እሱ?" አለች እትዬ ሰብለወንጌል።

አባዬ ወሬ መቀየሪያ በማግኘቱ ፊቱ በራ። "ተከራያችን ናት፣ ቀስት ትለማመዳለች። ጎበዝ ስፖርተኛ ናት። ትህትና ደግሞ ኢላማውን በእጇ ሠርታላታለች አሉ። ኑ፣ ኑ እንይ" ብሎ ብድግ አለ። እማዬ "ቆይ ሻዩ ይቀዘቅዛል" አለች። ማንም አልሰማትም። አንሶላው ጠዋት ተነስቷል፤ ያነሳሁትም እኔው ነኝ፣ እንግዳ እንደሚመጣ መች አወቅኩ።

ጓሮ ስንደርስ ጂቱ ደጋኗን ዝቅ አደረገች። "አካም ኦልታን" ብላ በቀስታ በኦሮምኛ ሰላም አለችን። ሁሉም የሚያየው ግንቡን ነው። ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ ጥርሷን እንደገለጠች ነች። ግንባሯ ላይ ሁለት ቀስት፣ አፏ ላይ አንድ፤ ጉንጯ በቀዳዳ ብዛት ወንፊት ሆኗል። ከላይ "ደስ አለሽ" የሚለው ብቻ ከቆረጣው ተርፎ ይነበባል።

"ውይ በሞትኩት" አለች እትዬ ሰብለወንጌል። "ይቺን ልጅ ማነው እንዲህ ያደረጋት?"

አባዬን አላየሁትም። "እኔ ነኝ" አልኳት። "ባነር አይቀደድም፣ ዝናብም አያስገባም። ለኢላማ ጥሩ ነው።"

ወንድም ጋሮምሳ ባነሩን አየ፣ እኔን አየ፣ አባዬን አየ። ጉምሩክ ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ የታሸገ ሳጥን አይቶ ውስጡን ይገምታል። ጠጋ ብሎ የስፌቱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ተጫነውና "በደንብ ተጠቅጥቋል" አለ። ከዚያ ወደ ቤት ተመለስን። ይሉኝታ ያለው ሰው እንዲህ ነው፤ አይቶ እንዳላየ ይሆንልሃል፣ አንተ ግን ማየቱን ታውቃለህ።

ሻዩ ቀዝቅዟል። ስለ ንፋሱና ስለ አቧራው ትንሽ ተወራ። ሰኞን ማንም አላነሳም። እንግዶቹ ሊሄዱ ሲነሱ ሁላችንም ተነሳን፣ እንደ ወጋችን ወንድም ጋሮምሳ እጆቹን አጣጥፎ "የጸሎት ርዕስ ካላችሁ ንገሩንና ጸልየን እንሂድ" አለ።

አባዬ ይህን ጥያቄ በእንቅልፉም ይመልሰዋል። "ለአገራችን ሰላም" አለ። "ለቤተክርስቲያናችን ሕንፃ። የእህቴ የሎሚ ደም ግፊት አለ። የመኪናዋም ነገር፣ ሞተሯ እያስቸገረ ነው።"

"አሜን። ሌላስ?" አለ ወንድም ጋሮምሳ።

አብዛኛውን ጊዜ ሰው "ሌላስ" አይልም፤ አይኑን ይጨፍንና ይጀምራል። ወንድም ጋሮምሳ ግን አይኑን አልጨፈነም። ቆሞ ይጠብቃል። እማዬ ምንጣፉን ታያለች። አባዬ ለመኪና ሞተር ሲጸልይ ከርሞ ለእኔ ፈተና አንድ ቀን ድምፅ አውጥቶ እንዳልጸለየ፣ እንዲጸለይልኝም ለማንም እንዳልነገረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለመጸለይ መጀመሪያ መናገር አለበት።

"ሌላስ ወንድም ገመቹ?"

"ትህትና" አለ አባዬ። አቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ትህትና ፈተናውን ወድቃለች።"

እማዬ ከምንጣፉ ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ቀጠለ።

"ድግሱን የደገስነው እያወቅን ነው። ይቅር በሉን፤ በጉን አብራችሁን በልታችኋል። ቴምፖውም አልዘገየም፤ የለም። እሷን ደብቄ አሰላ ልልክ ነበር።" ቃላቱ ከባድ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚወጡት። "በጥር እዚሁ አዳማ ትፈተናለች። ልጄ ናት፣ ወድቃለች፣ ትፈተናለች። ለእሱ ጸልዩልን።"

እትዬ ሰብለወንጌል እጇን የእማዬ ትከሻ ላይ አደረገች። ወንድም ጋሮምሳ አይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ። ስሜን ጠራ፣ ፈተናውን ጠራ፣ ወሩን ጠራ። ሁሉም ጨፍነዋል። እኔ አይኔን ስገልጥ አባዬም ገልጦ ነበር። እያየኝ ነው፤ የባነሯን ልጅ ሳይሆን እኔን፣ አርባ ሰባት ያመጣሁትን። አይኑ ቀልቷል። አሜን ልል አፌን ስከፍት የወጣው ልቅሶ ነው፣ እንደ ሕፃን ድምፅ ያለው። ወንድም ጋሮምሳ ጸሎቱን አላቋረጠም፤ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቀጠለ።