ማጠቢያ ማሽኑ ዝም ያለ ጊዜ

ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የቆመው አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የባለቤቴን ነጭ ጋውኖች እንደጎረሰ ነው። ባለቤቴ ሥጋ ቤት ቆራጭ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ የለበሰው ቅዳሜ ይታጠባል። ማሽኑ እንደ ወትሮው ወለሉን እያንቀጠቀጠ ሲዞር ቆየና ድንገት ሞተሩ ብቻውን ማጓራት ጀመረ፤ ልብሱ አልዞር አለ። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እሳት ነበር የሚታየው። ለእኔ የታየኝ ዕቃችንን ጭኖ በር ላይ የቆመ መኪና ነው።

ያለ ምክንያት አይደለም። ማሽኑም፣ ምድጃውም፣ ፍሪጁም የእኛ አይደሉም፤ ከቤቱ ጋር የተከራየናቸው ናቸው። አከራያችን ከእኛ በታች የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ከዚህ በፊት በነበርንበት ቤት ቧንቧው ያፈሳል ብዬ ብናገር፣ አከራዩ "እንግዲህ ካልተመቻችሁ ቤት ሞልቷል" አሉኝ፤ ብዙም ሳንቆይ ወጣን። ልጄ ከጓደኞቿ ተለይታ ትምህርት ቤት ቀየረች። አሁን የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ናት። ትምህርት ቤቷ ከወጥ ቤታችን መስኮት ይታያል። ዳግመኛ እንድትነቀልብኝ አልፈለግኩም። ስለዚህ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ፣ ጋውኖቹን አውጥቼ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ በእጄ ማሸት ያዝኩ።

ልጄ ደብተሯን እንደያዘች በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

"እማ፣ ለምን ለእትዬ አትነግሪያቸውም? ከቤቱ ጋር ያከራዩት ዕቃ በእርጅና ሲበላሽ ማስጠገን የእሳቸው ግዴታ ነው። ያንቺ ግዴታ ቶሎ መንገር ነው።"

"እኔ ሰብሬው ቢሆንስ?"

"ሰብረሽዋል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ከልክ በላይ ጭኜበት ይሆናል።"

"ደብቀሽው ከባሰበት፣ ጥፋቱ ያንቺ የሚሆነው ያኔ ነው።"

ባለቤቴ ከሳሎን ሰማን። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ንገሪያቸው" አለ። ቀጥሎ ደግሞ ለልጄ፣ "እናትሽ እኮ ሰርግ ቤት ብትገባም መጀመሪያ የምትፈልገው መውጫውን ነው" አላት። ሳቁብኝ። እኔ ማሸቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዬ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። የሥጋ ቤት ጋውን ውሃ ሲጠጣ እንደ በሬ ይከብዳል። የቻልኩትን ያህል ጠምዝዤ በረንዳው ላይ አሰጣለሁ፤ እጄ ተላልጦ ሳሙና ባየ ቁጥር ያቃጥለኛል።

በዚህ መሃል አከራያችን ተለወጡብኝ። መጀመሪያ አንድ ቅርጫት ብርቱካን ላኩልን። ቀጥለው ማር በጠርሙስ። ከዚያ ደግሞ የደረጃውን መብራት አስቀየሩ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

"ደግ ሴት ናቸው" አለ ባለቤቴ ብርቱካን እየላጠ።

"ሊያስወጡን ነው" አልኩት። "ሰው ሊያሰናብትህ ሲል ነው የሚለሰልስህ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።"

"እስኪያስወጡን ድረስ እንብላ እንግዲህ" ብሎ ግማሹን ሰጠኝ። አልዋጥልኝ አለ።

አንድ ቅዳሜ ልብሱን አስጥቼ እንደገባሁ በሩ ተንኳኳ። አከራያችን ናቸው። ሻሻቸው ርሷል፣ ትከሻቸው ላይም ከበረንዳችን ልብስ የተንጠባጠበ ውሃ አለ።

"ልጄ፣ ሰማዩ ጠራርቶ የኔ ጽጌረዳዎች ላይ ብቻ ይዘንባል" አሉኝ። "ግዴለም፣ ለእሱ አልመጣሁም። እውነቱን ንገሪኝ፤ መቼ ነው የምትወጡት?"

 በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"ልጅቷ ፈተናዋን እስክትጨርስ ይታገሡን፣ እትዬ።"

"እኔ ምኑን ነው የምታገሠው?"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚያስወጡን?"

"እኔ?" አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ልትሄዱ የተነሳችሁት እናንተ ናችሁ እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሪያዬን የሚያናውጠው ማሽን ጸጥ አለ። በማሽኔ መጠቀም የተዉት ሌላ ቤት አግኝተው ሊወጡ ቢሰናዱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከእናንተ በፊት የነበሩት ምድጃው ተበላሽቶ ሳላስጠግንላቸው ብዘገይ ጥለውኝ ሄዱ። መብታቸው ነው፣ አልፈረድኩባቸውም። ቤቱ ግን ከዚያ በኋላ ባዶውን ከረመ። ታዲያ እናንተን በብርቱካን ላስቀር ነበር።"

ከዚህ በኋላ መደበቁ ምን ይረባል።

"ማሽኑ ተበላሽቷል" አልኳቸው።

"መቼ?"

"ከብርቱካኑ በፊት።"

እጄን ያዙና ገልብጠው አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ልጄ ከክፍሏ እስክትወጣ ድረስ ሳቁ።

"ምጥ የያዛት ሴት እንኳ ትጮሃለች እኮ" አሉኝ። "አንቺ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?"

ልጄ ከኋላቸው ሆና አየችኝ። "ብዬሽ ነበር" አላለችም፤ ቅንድቧ ግን ብሎታል።

ሰኞ ጠጋኙን ይዘውልኝ መጡ። ማሽኑን ከፍቶ ልብሱን የሚያዞረውን የጎማ ቺንጋ አወጣ፤ አልቆ ተበጥሷል። "ዕድሜ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም" አለ። ልክ ልቤ መለስ ሲል ከታች ካለው ማጣሪያ የፀጉር ማስያዣ ጎትቶ አወጣ።

"የኔ ነው" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

"ይሄ ምንም አላደረገም" አለ ጠጋኙ።

"ቺንጋው የኔ፣ ማስያዣው ያንቺ" አሉ አከራያችን፣ መዳፌ ላይ እያስቀመጡልኝ። "ከእንግዲህ የሚበላሽ ነገር ካለ በዚያው ቀን ትነግሪኛለሽ። እኔም ሳልውል ሳላድር አስጠግናለሁ።" ተስማማን። ጠጋኙ ከመሄዱ በፊት ማሽኑን አስተካክሎ አቆመና ከእግሮቹ ሥር ጎማ አደረገበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋውኖቹን ከተትኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። ጥቂት ቆይቼ ጆሮዬን ብጥል ምንም የለም። ወለሉ አይንቀጠቀጥም፣ የሚያጓራ የለም። ሞተ አልኩ፤ በቃ ገና ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ግን ቃል ገብቻለሁ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ልነግራቸው ወደ ታች ወረድኩ።

ደረጃው መሃል ላይ ተገናኘን። አከራያችን ቅርጫት ብርቱካን አቅፈው ወደ ላይ እየወጡ ነው።

"ድምፁ ጠፋብኝ" አሉኝ ትንፋሽ እያጠራቸው።

"እኔም" አልኳቸው።

አብረን ወጥተን ማሽኑ ፊት ቆምን። በመስታወቱ ውስጥ ነጩ ጋውን በዝግታ፣ ያለ አንዳች ድምፅ እየዞረ ነበር።