ኢፍቱ የመረጠችው ጀልባ

…ይኼ እንግዲህ ሦስተኛው ጀልባ ነው፣ የቢሾፍቱው ሆዱ ተሰንጥቆ የተለጠፈ ነበር፣ የቆቃው ሞተሩ እምቦጭና ጭቃ ውጦ ታንቆ የሞተ፣ ይኼኛውም አንድ እንከን አያጣም፣ ማጣት የለበትም፣ ምልኬሳ ላንጋኖ ዳር አሸዋው ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ያገለገለውን ጄት ጀልባ ያያል፣ ጉልበቱን ይቆረጥመዋል፣ ከአዳማ በማለዳ ተነስተው ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን ሲያልፉ መንገዱን ሁሉ በሆዱ ሲጸልይ ነው የመጣው፣ አምላኬ ሆይ ይኼኛውንም የተበላሸ አድርግልኝ። እንዲህ ያለ ጸሎት አለ? አለ እንጂ። ሰው ሲደክመው ይኼንንም ይጸልያል።

ሸራው ተገፏል። ነጭ ነው፣ ጎኑ ላይ ፀሐይ ያገረጣው ሰማያዊ መስመር አለ፣ የወንበሮቹ ስፌት እዚህም እዚያም ተተርትሯል። ስምንት ሰው ይይዛል ይላሉ ባለቤቲቱ፣ ወይዘሮ ዘርፉ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ዳርቻው ላይ ያለችውን ሎጅ ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት፣ ሟች ከልጆቹ እኩል ነበር የሚወደው፣ እኔ ወንድሜ ዋና እንኳ አልችልም፣ ቆሞ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ ልጆች ይዞ ለሚጫወትበት ሰው ይሂድልኝ። ለሚጫወትበት ሰው። ምልኬሳ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሺ ማለቱም እንቢ ማለቱም አይደለም፣ የጉምሩክ ሰነድ ይዞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሰልፍ ላይ ሲውል የለመደው ዓይነት ንቅነቃ፣ ሰምቻለሁ፣ ይቀጥሉ የሚል።

ኢፍቱ ጫማዋን አውልቃለች።

አታውልቂ ሊል ነበር፣ አሸዋው ይፋጃል ሊል ነበር። ልጁ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከግራ እግሯ ሦስት ጣት የለም፣ ጠባሳው ከቁርጭምጭሚቷ ተነስቶ ባቷ ድረስ ይወጣል፣ ምልኬሳ አያየውም፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት እየኖሩ ሳያየው መኖር ችሏል፣ ካልሲ አድርጊ እንጂ ይበርድሻል ይላታል፣ በአዳማ ሙቀት፣ እሷም ከት ብላ ትስቃለች፣ ግን ታደርጋለች። ዛሬ አላደረገችም። እያነከሰች ጀልባውን ትዞረዋለች፣ ጎኑን በጣቷ እየነካች፣ በሬ ገበያ እንደወጣ ሰው።

ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ስትመረቅ ምን ልስጥሽ ብሎ የጠየቀው ማን ሆነና፣ የአንገት ወርቅ ትላለች ብሎ ነበር፣ ቢበዛ ላፕቶፕ። ጀልባ አለች። ፕሮፔለር የሌለው ጀልባ አለ አባኮ፣ የኔ አባት፣ ጄት ነው የሚሉት፣ ውጭ የሚቆርጥ ነገር የለውም፣ እንደ ድሮው ሁላችንም ላንጋኖ እንውረድ፣ እማዬም፣ ወንድሞቼም፣ የጎማ ካላማዳሪ ላይ እየተጎተትን። እራት ላይ ነበሩ፣ የጠቀለለውን እንጀራ ሳህኑ ላይ መለሰው። የከባድ መኪና ካላማዳሪ እየነፋ፣ ገመድ እያሰረ፣ ከጀልባ ኋላ ልጆቹን ሲጎትት የኖረው እሱ ነው፣ ሳቃቸው እስከ ዳር ይሰማ ነበር፣ ያን ከጓደኛው የተዋሰውን ጀልባ፣ ያን ሞተር፣ ያን ቅዳሜ አስታወሰ። ሚስቱን አያት፣ ሽታዬ እምቢ በይልኝ፣ ሽታዬ ግን ሳህኑን እያነሳች፣ አንተ ካመንክበት፣ አለች።

አንተ ካመንክበት። ሽታዬ ዘጠኝ ዓመት የምትወቅሰው ንፋሱን ነው። ንፋስ ገፋው ብሏታላ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ሸሚዙ ገና ሳይደርቅ፣ ልጅቷ ከካላማዳሪው ወደቀች፣ ንፋሱ ጀልባውን እላይዋ ላይ ገፋው፣ አለ፣ እሷም አመነች፣ አዳማ አቧራ ሲያስነሳ እየተነሳች መስኮቱን ትዘጋለች፣ አንተ እርጉም ትለዋለች ንፋሱን። እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይሰማል።

ጋሼ፣ ዝቅ ብለው ይዩት፣ ይላል ደሊል። ከአዳማ ይዞት የመጣው መካኒክ ነው፣ ጀልባው ከተጫነበት ተሳቢ ሥር በጀርባው ገብቶ በእጅ ባትሪ ያበራል። እንደ ውሃ ፓምፕ ማለት ነው ጋሼ፣ ውሃውን በዚህ በሆዱ ይስባል፣ በኋላ በኩል ይተፋል፣ ምላጩ እዚህ ቱቦ ውስጥ ነው ያለው፣ አፉ ደግሞ ፍርግርግ አለው። ጣት አያስገባም? ይላል ምልኬሳ። ጣት ያስገባል፣ እግር አያስገባም፣ ለዚያውም ሞተሩ ሲነሳ ማንም አፉ አጠገብ አይደርስም፣ ፀጉርና ገመድ ይስባል። አየህ፣ ይላል ምልኬሳ በሆዱ፣ አየህ ይስባል። የተበላ ነገር የለውም? ጠጠር ስቦ ጫፉ ትንሽ ተነካክቷል፣ ሞረድ ያስተካክለዋል። ሞተሩስ? ንጹሕ። ስንጥቅ? የለም። ዝገት? ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ እኔ ብሆን ሳላድር ነው የምወስደው።

ይኼ ደሊል። እንከን ፈልግልኝ ብሎ ያመጣው ሰው።

ኢፍቱ ተንበርክካ እጇን ፍርግርጉ ላይ ታሳርፋለች፣ ምልኬሳ ይዞራል፣ ሐይቁን ያያል፣ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ውሃ፣ ከሩቅ የአሣ አጥማጆች መረብ የተንጠለጠለባቸው ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው ይንሳፈፋሉ። እንሞክረው፣ ትላለች። ደሊል ይንዳው እንግዲህ። አይ አባኮ፣ አንተ ንዳ። እኔ ደክሞኛል። ተቀምጠህ እኮ ነው የምትነዳው።

ተቀምጦ። ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ከባድ መኪና ነድቷል፣ ጅቡቲ ሞጆ፣ ሞጆ ጅቡቲ፣ ወገቡ ያለቀው ተቀምጦ ነው።

ላይፍ ጃኬቱ ሆዱ ላይ አልገጥም ይለዋል፣ ኢፍቱ ማሰሪያውን ታላላለታለች፣ ጀልባው ከተሳቢው ተንሸራቶ ውሃ ላይ ይቀመጣል፣ መሪውን ይይዛል። አንድ ጠባይ አለው ጋሼ፣ ይላል ደሊል ከኋላ፣ ነዳጅ ሲለቁት መሪው አይሠራም፣ የሚያዞረው የሚተፋው ውሃ ነው፣ ውሃ ካልተፋ አይዞርም፣ ለማምለጥ ከፈለጉ ነዳጅ መስጠት ነው፣ ፍሬን የሚባል የለውም። ሰማሁ። ሰማሁ ይላል እንጂ የሰማው ጆሮው ብቻ ነው።

ይሄዳል። ይፈጥናል። ፊቱን የሚመታው አየር፣ ኢፍቱ ዓይኗን ጨፍና ፀጉሯን ለንፋስ ሰጥታ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትመስላለች፣ አትምሰይ፣ አትምሰይብኝ፣ እና ቀና ሲል ቢጫዎቹ ጀሪካኖች እፊቱ ናቸው፣ እንዴት እዚህ ደረሱ፣ እጁ ነዳጁን ይለቃል፣ ሠላሳ ዓመት የሠለጠነ እጅ ነው፣ አደጋ ሲመጣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ መሪው ባዶ፣ ጀልባው ዝም ብሎ ወደፊት፣ ጋሼ ነዳጅ! ነዳጅ ይስጡት! አይችልም፣ ጣቶቹ ከእጀታው ላይ ተነስተው አየር ላይ ቀርተዋል፣ ሂን ሶዳቲን አባኮ፣ አትፍራ፣ የልጅቷ እጅ እጁን አፈፍ አድርጎ እጀታው ላይ ይመልሰዋል፣ አብራው ትገፋዋለች፣ ሞተሩ ያገሳል፣ ጀልባው ጎኑን ሰጥቶ ይታጠፋል፣ የመጨረሻው ጀሪካን በክንድ ርቀት ያልፋል።

ሞተሩን ታጠፋዋለች።

ውሃው የጀልባውን ጎን ይልሳል። ደሊል አንዴ ያያቸውና ኋላ ሄዶ ያልተበላሸ ነገር ይነካካል።

ያኔም እንዲህ ነው የደነገጥከው፣ ትላለች ኢፍቱ ቀስ ብላ። መቼ? ታውቃለህ መቼ። ንፋስ… ይላል፣ ቃሉ ከአፉ የሚወጣው በልማድ ነው። አባኮ፣ ውሃ ውስጥ ሆኜ ማርሹ ቋ ብሎ ሲገባ ሰምቻለሁ። ሪቨርስ ነው ያስገባኸው፣ የኋላ ማርሽ። ወደ እኔ ልትመጣ።

ሰምታለች። ዘጠኝ ዓመት ሰምታለች፣ ካልሲ አድርጊ ሲላት ሰምታ ነው፣ እናቷ ንፋሱን ስትረግም ሰምታ ነው እውነቱን ሳትነግራት የኖረችው። ይኼን ተሸክሞ መኖር ምን ይባላል፣ ድካም ይባላል እንጂ ሌላ ምን። ለምን አልተናገርሽም? አንተ ትናገራለህ ብዬ፣ መጀመሪያ። በኋላ ደግሞ ስትደክም አየሁህ፣ ተውኩት። እና ለዚህ ነው ጀልባ ያልሽው? ልታናግሪኝ? እንዴ አይደለም፣ ትስቃለች፣ ዓይኗ ግን ረጥቧል፣ ውሃው ናፍቆኝ ነው። በቃ። ውሃ አይናፍቅም?

እግሯን ወንበሩ ላይ ዘርግታዋለች። ምልኬሳ ያያል። ሦስት ጣት፣ የሉም። ጠባሳው የተጠማዘዘ ነው፣ ያለሰለሰው ጊዜ ነው፣ አስቀያሚ ይሆናል ብሎ የሚፈራው ነገር አስቀያሚ አይደለም፣ እግር ነው፣ የልጁ እግር፣ ባለ ጠባሳ። እጁን ያነሳል፣ ይነካዋል፣ እሷም አታሸሸውም። ይቅር በይኝ። እሺ። ዝም ብለሽ እሺ አትበይ። ምን ልበል አባኮ? ዱሮ ብዬዋለሁ፣ ያልሰማኸው አንተ ነህ።

ወደ ዳር እሷ ነች የምትነዳው፣ ወደ ዳርቻው ስትቃረብ ነዳጁን ሰጥታ ታጥፈዋለች፣ ሳትቸኩል። ወይዘሮ ዘርፉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል፣ ምነው ቆማችሁ ቀራችሁ፣ ነፍሴ ወጣች እኮ። ደህና ነን፣ ይላል ምልኬሳ፣ እንወስደዋለን። ጥሩ ሆኖ ነው? ጥሩ ነው፣ እኔ ግን አልነዳውም፣ የምትነዳው እሷ ናት። ሴትዮዋ ልጅቱን ከላይ እስከ ታች ያይዋታል፣ እግሯ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው አይቆምም፣ ይባርክልሽ የኔ ልጅ፣ ሟች ይኼን ባየ፣ ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ስልኩን ያወጣል። ኢፍቱ ከደሊል ጋር ሸራውን ስታለብስ እሱ አሸዋውን ይዞ ይርቃል፣ ሽታዬ በመጀመሪያው ጥሪ ታነሳለች፣ ስልኩን ይዛ ነው የዋለችው ማለት ነው። ገዛችሁ? ገዛን። ልጅቷ ደስ አላት? ደስ ብሏታል። አንተስ ድምፅህ ምን ሆኗል? ሽታዬ፣ ያን ቀን ንፋስ አልነበረም።

ትንፋሿ ይሰማዋል። ከጀርባዋ የጎረቤት ሬዲዮ። ምን ማለት ነው አልነበረም? እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ሽታዬ። በስልክ አትንገረኝ፣ ትላለች፣ ድምፅዋን አያውቀውም፣ ና፣ ፊቴ ተቀምጠህ ንገረኝ። ትዘጋዋለች።

ተሳቢውን እየጎተቱ ይመለሳሉ፣ ኢፍቱ ከጎኑ እንቅልፍ ወስዷታል፣ ደሊል ከኋላ ያንኮራፋል፣ ባቱ ያልፋል፣ የመቂ ቲማቲም ሻጮች መንገድ ዳር ያልፋሉ፣ ሽታዬ ታባርረው ይሆን፣ ታባርረው፣ ታልቅስ፣ ትማታ፣ መብቷ ነው፣ ንፋሱን ግን ከእንግዲህ አትረግምም፣ ምልኬሳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለመንገዱ ያወራል፣ ሽታዬ፣ ካላማዳሪው ተገለበጠ፣ ስትጮህ ሰማኋት፣ ዞሬ ነበር መምጣት ያለብኝ፣ አውቃለሁ፣ ያን ጊዜም አውቅ ነበር፣ ግን መዞር ረዘመብኝ፣ ጮኸች እኮ፣ ልደርስላት ቸኮልኩ፣ እጄን ማርሹ ላይ አድርጌ ሪቨርስ አስገባሁ፣ ፕሮፔለሩም እግሯን…