ያለ በር ጠባቂ የማይገነባ ገጽ

ከምተርክላችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ እንደ ጁባ አቧራ ይድረቅ! እኔ አለባቸው ሌላውን ወሬ ጨመር አደርግ ይሆናል፤ በጃቫ ግን አልዋሽም።

በፈረንጆች 2012 ነው። ጁባ፣ አማራት ሰፈር፣ አቶ ተገኝ የሚመሩት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ሆነን ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የመድኃኒት መጋዘን ድረ ገጽ እንሠራለን። ገጾቹ የሚቆሙበትን ፍሬምወርክ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍነው ራሳችን ነን። አንድ ገጽ ለመፍጠር ታዲያ አንድ ረጅም መስመር ይጻፋል፤ በቅንፉ ውስጥ አድራሻ፣ ርዕስ፣ ከዚያ ትሩ፣ ፎልስ፣ ማለትም እውነት፣ ሐሰት፣ ደግሞ ትሩ፣ ፎልስ እያለ እንደ ባቡር ፉርጎ ይቀጥላል። የትኛው ትሩ ምን እንደሚል የምናውቀው እግዜርና እኔ ብቻ ነበርን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጉድ ፈላ። የመጋዘኑ ገጽ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ለመጣው ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ተገኘ። ጁባ ታውን ኢንተርኔት ቤት የተቀመጠ ማንም ሰው መድኃኒት ወጪ ማድረግ ይችላል! አንዱ ትሩና አንዱ ፎልስ ቦታ ተቀያይረዋል።

አቶ ተገኝ ጮኹ። ጩኸታቸው ከከተማው ዳር ካለው ከጀበል ኩጁር ተራራ ደርሶ ድንጋይ አንከባለለ።

"ይህን ገጽ ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ" አለ ባልደረባችን ባምላክ።

"ከሰዓት ደንበኞቹ ይመጣሉ። ይህ ስህተት ዳግም ሊሠራ እንደማይችል በዓይናቸው ካላዩ፣ አንተ ዕቃህን ትሰበስባለህ!"

ባምላክ ሚስቱን ከአዲስ አበባ ካመጣት ገና ወሩ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አይዞህ፣ እኔ እያለሁ!" አልኩት።

"ጋሽ አለባቸው፣ አሁን ቀልድ አይደለም የጠፋኝ።"

"የምን ቀልድ? መጀመሪያ ምሳ እንብላ፣ ከዚያ አድንሃለሁ።"

ሦስተኛዋን ፕሮግራመራችንን ሒሩትን ይዘን ማዶ ካለው ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ዘኪያ መጣች።

"ጥብስ" አልኳት።

"የምን?"

"የፍየል።"

"ቃሪያ?"

"ይግባ።"

"ሽንኩርት?"

"ይብዛ።"

"ከላስ?"

"ከላስ! በቃ!" ስላት ነው ወደ ማድ ቤት የሄደችው።

ጠረጴዛውን በቡጢ ብመታው ሳህኑ ሁሉ ጣራ ነክቶ ተመለሰ። "አያችሁ? ከላስ እስክላት ከፊቴ አልተነቃነቀችም! የምን ሥጋ እንደሆነ ሳልነግራት ደግሞ ቃሪያ ብላ አልጠየቀችኝም!"

ኮዱንም እንዲሁ አደረግሁት። ገጽ የሚሠራ፣ ገንቢ የሚባል አንድ የኮድ ክፍል አቆምኩ። የምትፈልገውን በስሙ ትነግረዋለህ፤ እሱም ራሱን መልሶ ይሰጥሃል፤ በነጥብ ቀጥለህ ሌላውን ትነግረዋለህ። አድራሻው ይህ፣ ነጥብ፣ የሚገባው የመጋዘን ኃላፊው፣ ነጥብ፣ ርዕሱ ይህ፣ ነጥብ፣ ከላስ። ትሩ የለ፣ ፎልስ የለ። ብልሃቱ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ አድራሻውን ከነገርከው በኋላ "ማን ይግባ" ከሚለው በቀር ሌላ በር አይከፍትልህም። ሳትመልስለት ከላስ ብትል ኮዱን የሚፈትሸው ኮምፓይለር በቀይ ያሰምርብሃል እንጂ ገጽ አይወለድም።

ይህን ሁሉ በአንድ እጄ ጥብስ እየጎረስኩ በሌላው ጻፍኩት። ጄኔሬተሩ እንኳ እንዳይረብሸኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ደንበኞቹ መጡ። "እስቲ ጠባቂ የሌለው ገጽ ሥሩ!" አልኳቸው። ታገሉ፣ ላብ በላብ ሆኑ፤ ወይ ፍንክች! አቶ ተገኝ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ባምላክም ከነሥራው ቀረ። ከናይሮቢ እስከ ካርቱም ያለ ጃቫ አዋቂ ሁሉ ስልኬ እስኪግል ደወለልኝ።

ይህን ስጽፍ ሒሩት ከጎኔ ተቀምጣ ታነባለች።

"መስክሪ እንጂ!" አልኳት።

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ቀስ ብላ ተናገረች።

"ጋሽ አለባቸው፣ እርስዎ እኮ ያን ማክሰኞ የዓመት ፈቃድ ወጥተው አዲስ አበባ ነበሩ። ጥብሱን ያዘዘው ባምላክ ነው፤ ገንቢውንም የጻፈው እሱ ነው። ትሩና ፎልስ የተቀያየሩበትን መስመር ደግሞ ከመሄድዎ በፊት የጻፉት እርስዎ ነበሩ፤ ባምላክ ለአቶ ተገኝ ሳይናገር ቀረ እንጂ።"